የቻርልስ ሳምነር ሕይወትና በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የፈጸመው ሥራ

በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ለመቀመጥ የተመረጠ ሰው ክብሩ ሁሉ ከወንበሩ የሚመጣ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በዚያው ወንበር ላይ ከእርሱ በፊት ሌላ ሰው ተቀምጦበታል፤ ከእርሱም በኋላ ሌላ ይቀመጥበታል። ስሙ በታሪክ የሚቀረው በተቀመጠበት ዘመን ስለ ምን እንደ ተናገረ፥ ስለ ምንስ ዝም እንዳለ፥ ድምፁንም ለየትኛው ሕግ እንደ ሰጠ ሲመረመር ነው። ይህን ነገር ሕይወታቸው ከሚያስረዳ የታወቁ ሰዎች አንዱ ሴኔት በሚባለው በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ከ1851 እስከ 1874 የቆየው ቻርልስ ሳምነር ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቻርልስ ሳምነር በማሳቹሴትስ ግዛት በቦስተን ከተማ ጥር 6 ቀን 1811 ዓመት ተወለደ። አባቱ ሕግ ዐዋቂ ሲሆን በኋላ የአውራጃው የፍርድ አስፈጻሚ ሹም ሆኖ ብዙ ዓመት አገልግሏል። ይህ አባት ሀብቱ መካከለኛ ነበረ፤ ባርነትን ግን አጥብቆ የሚጠላ፥ የጥቁሮችና የነጮች ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት ይማሩ ብሎ የሚያምን ሰው ስለ ነበረ፥ ልጁ ከሁሉ አስቀድሞ የወረሰው ይህን አሳብ ነው። ሳምነር በቦስተን የላቲን ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ሐርቫርድ ወደሚባለው ታላቅ ትምህርት ቤት ገብቶ በ1830 ጨረሰ፤ ከዚያም በዚያው ስፍራ ሕግ አጥንቶ በ1834 ጠበቃ ለመሆን ተፈቀደለት። በወጣትነቱ ከመጽሐፍ የማይለይ፥ ቀልድ የማያውቅ፥ ቁመቱ ረዥም፥ ድምፁም የጎላ ሰው እንደ ነበረ የሚያውቁት ሁሉ መስክረውለታል።

በ1837 መጨረሻ ላይ ትምህርቱን ለማስፋት ወደ አውሮፓ ተሻገረና እስከ 1840 ድረስ በፈረንሳይ፥ በእንግሊዝ፥ በጣሊያንና በጀርመን አገሮች እየተዘዋወረ ቋንቋና ሕግ ተማረ። ከዚህም ጉዞ ለኋለኛው ሥራው መሠረት የሆነው ነገር በጥር ወር 1838 በፓሪስ ከተማ ሶርቦን በሚባለው ትምህርት ቤት ያየው ነው። ሳምነር ትምህርት ለማዳመጥ በገባበት አዳራሽ ውስጥ ጥቁር ተማሪዎች ከነጮች ጋር በአንድነት ተቀምጠው ሲማሩ፥ ጓደኞቻቸውም እንደ እኩዮቻቸው ሲቀበሏቸው ተመለከተ። በአገሩ ይህን የመሰለ ነገር አይቶ አያውቅም ነበርና በዕለት ማስታወሻው ላይ ጻፈው፤ በአሜሪካ በጥቁርና በነጭ መካከል የሚታየው ልዩነት ከተፈጥሮ የመጣ ሳይሆን ከአስተዳደግና ከልማድ የመጣ መሆኑንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተረዳ። ከአንድ ቀን ትምህርት ያገኘውን ይህን ማስተዋል እስከ ሞተበት ቀን ድረስ አልለቀቀውም።

ወደ ቦስተን ከተመለሰ በኋላ በጥብቅና ሥራው ብዙ አልቀናውም፤ በንግግር ግን ስሙ እየታወቀ ሄደ። ሐምሌ 4 ቀን 1845 የአሜሪካ የነጻነት በዓል በሚከበርበት ዕለት የከተማው ሹማምንት ንግግር እንዲያደርግ ጋበዙት። ወታደሮች በማዕረግ ልብሳቸው ተሰልፈው ሲያዳምጡ እርሱ የአንድ ሕዝብ ታላቅነት በጦርነት የሚገኝ አለመሆኑን፥ መንግሥት ለጦር መሣሪያ የሚያወጣው ገንዘብ ለትምህርት ቢውል እንደሚሻል አስረዳ። የጋበዙት ሹማምንት ተቈጡ፤ ከታላላቅ ቤተ ሰቦችም ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ በራቸውን እየዘጉበት ሄዱ። በ1846 አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር ጦርነት በጀመረች ጊዜም ይህ ጦርነት የባርነትን አገር ለማስፋት የተደረገ ነው በማለት ተቃወመ።

በ1849 ደግሞ በማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለ አንዲት ትንሽ ጥቁር ልጅ ቆሞ ተከራከረ። የዚህች ልጅ ስም ሣራ ሮበርትስ ሲሆን፥ በቤቷ አጠገብ ያሉት ትምህርት ቤቶች ለነጮች ልጆች ብቻ ስለ ተለዩ ወደ ሩቅ ስፍራ እየሄደች እንድትማር ታዝዛ ነበር። ሳምነር ሮበርት ሞሪስ ከሚባለው ጥቁር ጠበቃ ጋር ሆኖ፥ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ከሆነ የሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደርበት ትምህርት ቤት ልጆችን በመልካቸው ሊለይ እንደማይገባው፥ እንዲህ ያለውም መለየት የተገፋውን ብቻ ሳይሆን ገፊውንም የሚያበላሽ መሆኑን አስረዳ። ፍርድ ቤቱ በ1850 ፈረደበት። ነገር ግን ከአምስት ዓመት በኋላ በ1855 የማሳቹሴትስ ምክር ቤት በግዛቱ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለው መለያየት እንዲቀር በሕግ ወሰነ። በፍርድ ቤት የተሸነፈ ክርክር በሕግ አውጪዎች ዘንድ ሊያሸንፍ እንደሚችል ሳምነር ያን ጊዜ አየ።

የአሜሪካ መንግሥት ሕግ የሚያወጣው በሁለት ምክር ቤቶች ነው። በታችኛው ምክር ቤት የሚቀመጡት እንደራሴዎች በሕዝብ ቍጥር መጠን ይመረጣሉ፤ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ግን ትልቁም ሆነ ትንሹ ግዛት እኩል ሁለት ሁለት አባሎች ለስድስት ስድስት ዓመት ይልካል። ዛሬ እነዚህን የሚመርጣቸው ሕዝቡ ራሱ ነው፤ እስከ 1913 ድረስ ግን የሚመርጧቸው የየግዛቱ ምክር ቤቶች ነበሩ። ከሌላ መንግሥት ጋር የተደረገ ውል ከአባሎቹ ከሦስቱ እጅ ሁለቱ እጅ ካልተስማሙበት አይጸናም፤ ፕሬዚዳንቱ የሚሾማቸውም ታላላቅ ሹማምንት ያለዚህ ምክር ቤት ፈቃድ ሥራቸውን አይዙም። ስለዚህ በዚያ የሚቀመጥ ሰው ሥልጣኑ ታላቅ፥ ኀላፊነቱም ከባድ ነው።

በ1851 የማሳቹሴትስ ምክር ቤት አንድ አባል ለመምረጥ በተሰበሰበ ጊዜ ሳምነርን የሚደግፉትና የሚቃወሙት እኩል ሊሆኑ ምንም ያህል አልቀራቸውም ነበር። ከሦስት ወር በላይ 26 ጊዜ ያህል ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ሚያዝያ 24 ቀን በአንድ ድምፅ ብልጫ ተመረጠ። ከዚያ በፊት በምርጫ በሚገኝ በማናቸውም የመንግሥት ሥራ ተቀምጦ አያውቅም፤ ወደ ዋሽንግተን የሄደውም በ40 ዓመቱ ነበር።

በገባበት ጊዜ የምክር ቤቱ ኀይል ባሪያ በሚገዙት በደቡብ ግዛቶች ሰዎች እጅ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት በ1850 የወጣው ሕግ ከጌታው የኮበለለ ባሪያ ባርነት ወደሌለበት ግዛት ቢደርስ እንኳ ተይዞ እንዲመለስ፥ ያን የሚረዳ ሰው ግን እንዲቀጣ ያዝዝ ነበር። ሳምነር ይህ ሕግ እንዲሻር ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈቃድ ጠይቆ ተከለከለ። በመጨረሻም ነሐሴ 26 ቀን 1852 ዕድል አግኝቶ አራት ሰዓት ለሚያህል ጊዜ ተናገረ። ድምፅ በተሰጠ ጊዜ ከእርሱ ጋር የቆሙት ሦስት ሰዎች ብቻ ስለ ነበሩ፥ በእርሱ በኩል 4፥ በሌላው በኩል 47 ድምፅ ተቈጠረ። እንዲህ ያለ ሽንፈት ሌላውን ሰው ዝም ባሰኘው ነበር፤ እርሱ ግን ከዚያ በኋላም በያጋጣሚው ጉዳዩን ማንሣት አልተወም።

በ1854 ሌላ ብርቱ ጠብ ተነሣ። ከ34 ዓመት በፊት በተደረገው ስምምነት በሰሜን በኩል ባለው ሰፊ ምድር ባርነት እንዳይገባ ተወስኖ ነበር። በዚህ ዓመት የወጣው አዲስ ሕግ ግን ያንን ስምምነት ሽሮ፥ ካንሳስና ነብራስካ በሚባሉት አገሮች የሚሰፍሩት ሰዎች ራሳቸው እንዲወስኑ ተወላቸው። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ የያዙ ሰዎች ወደ ካንሳስ ጐረፉ፤ ደምም ፈሰሰ። ሳምነር ግንቦት 19ና 20 ቀን 1856 ሁለት ቀን ሙሉ በምክር ቤቱ ቆሞ በካንሳስ ላይ የተፈጸመውን ግፍ በዝርዝር ተናገረ።

በዚህ ንግግር ውስጥ ስለ ሕግና ስለ ግፍ የተናገረው እውነት ነበር። ነገር ግን በዚያ ሳያበቃ አንድሩ በትለር የሚባሉትን የደቡብ ካሮላይና ሽማግሌ፥ እርሳቸው በስፍራው ሳይኖሩ፥ ባርነትን እንደ ውሽማ አፍቅረው የያዙ አስመስሎ ዘለፋቸው፤ ንግግር ሲያደርጉ አንደበታቸው የሚሰናከል መሆኑንም ጨምሮ አፌዘባቸው። ለሕዝብ ነጻነት የሚደረግ ክርክር የሽማግሌ ገመና የሚገለጥበት መሆን አልነበረበትም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፥ ወዳጆቹም እንኳ ይህን ቃል ሊመልሱለት አልቻሉም።

ከሁለት ቀን በኋላ ግንቦት 22 ቀን የምክር ቤቱ ስብሰባ ተፈጽሞ አባሎቹ ሲበተኑ ሳምነር በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ይሠራ ነበር። የታችኛው ምክር ቤት እንደራሴና የበትለር ዘመድ የሆነው ፕሬስተን ብሩክስ ወደ እርሱ ቀርቦ፥ ንግግሩ ግዛቱንና ዘመዱን ያዋረደ መሆኑን ከገለጠ በኋላ፥ የወርቅ እጀታ ባለው ከዘራ ራሱን ደጋግሞ መታው። ጠረጴዛው ከወለሉ ጋር በብሎን የተጣበቀ ስለ ነበረ ሳምነር ወዲያው ሊነሣ አልቻለም፤ በመጨረሻ ግን በጭንቅ ኀይል ጠረጴዛውን ከነብሎኑ ነቅሎ ተነሣና ዓይኑን ደም ሸፍኖት እየተንገዳገደ ወደቀ። ከዘራው ተሰብሮ እንኳ ብሩክስ መምታቱን አላቆመም፤ ሊያገላግሉ የመጡትንም ጓደኛው ከልክሎ ያዛቸው። ሕግ በሚወጣበት አዳራሽ ውስጥ ለቃል የተሰጠው መልስ እንዲህ ያለ ሆነ።

ታችኛው ምክር ቤት ብሩክስን ለማስወጣት ቢመክርም ከሦስቱ እጅ ሁለቱ እጅ ድምፅ ሳይገኝ ቀረ። ብሩክስም በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ለቀቀ፤ የግዛቱ ሰዎች ግን ወዲያው መልሰው መረጡት፤ ከየስፍራውም አዲስ ከዘራ እየገዙ በስጦታ ላኩለት። ፍርድ ቤት የፈረደበት 300 ዶላር ብቻ እንዲከፍል ነበር። በሰሜን በኩል ግን ያን ጊዜ ድረስ ስለ ባርነት ግድ ያልነበራቸው ብዙ ሰዎች ይህን በሰሙ ጊዜ፥ ባርነት የሚያዋርደው ባሪያውን ብቻ አለመሆኑን፥ በምክር ቤት የመናገርን ነጻነትም የሚያጠፋ መሆኑን ተገነዘቡ። የሳምነር ንግግርም በብዙ ሺህ ታትሞ ተሠራጨ።

ብሩክስ በጥር ወር 1857 በድንገተኛ ሕመም ሞተ፤ ሽማግሌው በትለርም በዚያው ዓመት ዐረፉ። ሳምነር ግን ቍስሉ ቢድንም ሕመሙ አልለቀቀውም፤ ብርሃንና ጫጫታ፥ ጥቂትም ሥራ ያስጨንቀው ነበር። በ1858 በፓሪስ ያለ አንድ የታወቀ ሐኪም ጀርባውን ያለ ማደንዘዣ በእሳት እየተኰሰ አከመው። በጥር ወር 1857 የሥራ ዘመኑ ሊፈጸም በተቃረበ ጊዜ የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ታማሚ መሆኑን እያወቀ መልሶ መረጠው። ሦስት ዓመት ያህል በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ውስጥ ወንበሩ ባዶውን ቆየ። የማሳቹሴትስ ሰዎች ግን ሌላ ሰው አልላኩበትም፤ ባዶው ወንበር ስለ እርሱ የሚናገር መስሎ ታያቸው።

በታኅሣሥ ወር 1859 ተመልሶ ገባ። ሰኔ 4 ቀን 1860 እንደገና ቆሞ ስለ ባርነት አረመኔነት ረዥም ንግግር አደረገ። በዚያው ዓመት አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ የደቡብ ግዛቶችም ተራ በተራ እየተለዩ ወጡ፤ በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ተጀመረ። የደቡብ አባሎች ወንበራቸውን ጥለው ስለ ሄዱ፥ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበርነት ከቨርጂንያው ከጄምስ ሜሰን እጅ ወጥቶ ለሳምነር ደረሰው። ይህ ሜሰን የኮበለለ ባሪያ እንዲመለስ የሚያዝዘውን የ1850ውን ሕግ ያረቀቀው ሰው ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለ የመጀመሪያው ታላቅ ፈተና የመጣው በዚሁ በሜሰን ምክንያት ነው። ሜሰንና አንድ ጓደኛው የዐመፁት ግዛቶች መልእክተኞች ሆነው ትሬንት በምትባል የእንግሊዝ መርከብ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ኅዳር 8 ቀን 1861 የአሜሪካ የጦር መርከብ አዛዥ መርከቧን አስቁሞ ያዛቸው። የሰሜን ሕዝብ ደስ አለው፤ እንግሊዝ ግን ሰዎቹ ካልተለቀቁ ለመዋጋት ተሰናዳች። ሳምነር ጠላቱ የነበረው ሰው በእስር ቢቆይ ደስ ሊለው ይችል ነበር። ነገር ግን በልደት በዓል ዕለት ሊንከንና ሚኒስትሮቻቸው በተሰበሰቡበት ገብቶ ከእንግሊዝ አገር ወዳጆቹ ከብራይትና ከኮብደን የመጡለትን ደብዳቤዎች አነበበላቸው፤ ሁለት ጦርነት በአንድ ጊዜ መንግሥቱን እንደሚያጠፋውም መከረ። ሰዎቹ ተለቀቁ። ጥር 9 ቀን 1862 ሳምነር በምክር ቤቱ ቆሞ፥ አሜሪካ ስለ ገለልተኞች መርከብ ነጻነት ከጥንት ጀምራ የተከራከረችበትን ሕግ በገዛ እጅዋ ማፍረስ እንደማይገባት አስረዳ። በ1845 ስለ ሰላም የተናገረውን ቃል በዚህ ጊዜ በሥራ አሳየው።

በዚያው ዓመት ሌሎች ታላላቅ ሥራዎች ተከተሉ። ሚያዝያ 16 ቀን 1862 በዋና ከተማው በዋሽንግተን አውራጃ የነበሩት 3 ሺህ ያህል ባሪያዎች ነጻ እንዲወጡ ሕግ ወጣ። በሰኔ ወር ደግሞ ሳምነር ባቀረበው ሕግ መሠረት የአሜሪካ መንግሥት ከሐይቲና ከላይቤርያ ጋር የመልእክተኛ ግንኙነት ለማድረግ ወሰነ። ሐይቲ ከ1804 ጀምሮ ራሱን የቻለ መንግሥት ሆኖ ሳለ፥ የደቡብ ሰዎች በዋሽንግተን ጥቁር መልእክተኛ በክብር ሲቀበሉት ለማየት ስላልፈቀዱ ይህ ሳይፈጸም 58 ዓመት ቆይቶ ነበር። ሳምነር በ1852 በ4 ድምፅ የተሸነፈበት የኮብላይ ባሪያዎች ሕግም በ1864 ተሻረ። የካቲት 1 ቀን 1865 ደግሞ ጆን ሮክ የሚባለው ጥቁር ጠበቃ በላይኛው ፍርድ ቤት እንዲከራከር ስሙን ያቀረበው ሳምነር ነበር፤ በዚያ ፍርድ ቤት ለመከራከር ከጥቁሮች ወገን የመጀመሪያው ሰው ይህ ነው።

ሊንከንና ሳምነር በጠባይ የማይመሳሰሉ ሰዎች ነበሩ። ሊንከን ቀልድ ይወዱ ነበር፤ ነገሩን አይተው፥ ጊዜ ጠብቀው የሚሠሩ ነበሩ። ሳምነር ግን ባሪያዎቹ በአንድ ቀን ነጻ እንዲወጡ ከጦርነቱ መጀመሪያ አንሥቶ ሳያቋርጥ ይገፋፋቸው ነበር። በ1865 መጀመሪያ ላይ ሊንከን የሉዊዚያና አስተዳደር እንዲታወቅ ሲፈልጉ፥ ጥቁሮች ድምፅ የመስጠት መብት ስላላገኙበት ሳምነር ነገሩን በክርክር አዘግይቶ አስቀረባቸው። ሰው ሁሉ የተጣሉ መሰለው፤ ሊንከን ግን በጥቂት ቀን ውስጥ በበዓለ ሹመታቸው ግብዣ ላይ ባለቤታቸውን ደግፎ እንዲገባ ሳምነርን ጠሩት። መካሪ ሲቃወም ጠላት እንዳልሆነ የሚያውቅ መሪ ያገኘ መካሪ ዕድለኛ ነው። ሚያዝያ 14 ቀን ሊንከን በተመቱበት ሌሊት ሳምነር እስኪነጋ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ እጃቸውን ይዞ ሲያለቅስ አደረ።

ከጦርነቱ በኋላ ሳምነር ነጻነት ያለ መብት፥ ያለ ትምህርትና ያለ መሬት ሙሉ እንደማይሆን በመግለጥ ከአዲሱ ፕሬዚዳንት ከአንድሩ ጆንሰን ጋር ተጣላ፤ በ1868 በጆንሰን ላይ በቀረበው ክስም ጥፋተኛ ናቸው ብለው ከፈረዱት 35 አባሎች አንዱ ሆነ፤ ጆንሰን ግን በአንድ ድምፅ ጕድለት ዳኑ። በ1867 አላስካን ከሩስያ መንግሥት በ7 ሚሊዮን 200 ሺህ ዶላር ለመግዛት የተደረገው ውል እንዲጸና ሦስት ሰዓት ያህል ተናግሮ ምክር ቤቱ በ37 ድምፅ ተቀበለው፤ የተቃወሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

የካቲት 25 ቀን 1870 በዚያ ምክር ቤት ታይቶ የማይታወቅ ነገር ሆነ። የሚሲሲፒ ግዛት ሐይራም ሬቭልስ የሚባለውን ጥቁር የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አባል አድርጎ ላከ። ከዚያው ግዛት የዐመፁት መንግሥት መሪ የሆነው ጀፈርሰን ዴቪስ በ1861 ምክር ቤቱን ጥሎ ወጥቶ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ሬቭልስ ዜግነት ያገኘው በቅርቡ ነው፥ ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ዜጋ መሆንን ያዝዛል ብለው ተከራከሩ። ሳምነር በአገሩ ተወልዶ ያደገን ሰው ዜጋ አልነበረም ማለት ሐሰት መሆኑን አስረዳ። በ48 ድምፅ በ8 ላይ ተወስኖ ሬቭልስ ቃለ መሐላ ሲፈጽም፥ በ1838 በፓሪስ አዳራሽ የታየው ነገር በዋሽንግተን ምክር ቤት ታየ።

ከፕሬዚዳንት ግራንት ጋር ያጣላው ደግሞ የሳንቶ ዶሚንጎ ጉዳይ ነው። ግራንት ያችን የደሴት አገር ከአሜሪካ ጋር ለማዋሐድ ውል አድርገው በጥር ወር 1870 ድጋፉን ለመጠየቅ ራሳቸው ወደ ሳምነር ቤት ሄዱ። ሳምነር ጉዳዩን ከመረመረ በኋላ ውሉ በጦር መርከቦች ጥላ የተደረገ መሆኑን፥ በዚያችው ደሴት ላይ ያለውንም የሐይቲን የጥቁሮች መንግሥት የሚያሰጋ መሆኑን አየ። በሰኔ ወር 28 ድምፅ በ28 ላይ ሆነና ውሉ ወደቀ። በታኅሣሥም ወር ግራንት ጉዳዩን መልሰው ባነሡ ጊዜ፥ ሳምነር ንጉሥ አክዓብ የድኻውን የናቡቴን የወይን ቦታ ስለ ተመኘበት ታሪክ ጠቅሶ ተናገረ፤ ንግግሩም በናቡቴ የወይን ቦታ ስም ተጠራ። ኀይለኛው መንግሥት የደካማውን ርስት ሲመኝ የሚናገር ሰው ከነገሥታት ዘመን ጀምሮ ዋጋ ሳይከፍል አልቀረም። በመጋቢት ወር 1871 የገዛ ወገኖቹ አሥር ዓመት ከያዘው ከውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበርነት ሻሩት።

ከዚያ በኋላ ኀይሉን ሁሉ ለአንድ ሕግ ሰጠ። በግንቦት ወር 1870 ያቀረበው ይህ ረቂቅ ሕግ ጥቁሮች በእንግዳ ማረፊያ፥ በባቡርና በመርከብ፥ በቴአትር ቤት፥ በትምህርት ቤት፥ በቤተ ክርስቲያን፥ በመቃብር ስፍራና በፍርድ ሸንጎ ከነጮች እኩል እንዲስተናገዱ የሚያዝዝ ነበር። ቢወድቅ መልሶ አቀረበው፤ ሌላ ጉዳይ ሲነሣም ከዚያ ጋር እያያያዘ አስታወሰው፤ እስኪሰለቹት ድረስ አልተወም።

ኑሮው በዚህ ጊዜ የብቸኝነት ነበር። በ1866 ያገባት ሴት በአንድ ዓመት ውስጥ ተለይታው ስትሄድ በ1873 ጋብቻቸው ፈረሰ። በታኅሣሥ ወር 1872 ደግሞ፥ ወንድማማቾች የተዋጉበት ድል እንዲረሳ፥ የእርስ በርስ ጦርነት ስሞች በክፍለ ጦር ሰንደቅ ዓላማዎች ላይ እንዳይጻፉ አሳብ አቀረበ። የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ይህ ወታደሮቻችንን የሚያዋርድ ነው ብሎ በውሳኔ ነቀፈው። በታመመ ጊዜ ባዶ ወንበሩን ጠብቀውለት የነበሩት ሰዎች፥ በ1856 ለስድብ የዋለ አንደበቱ ለዕርቅ በተከፈተ ጊዜ ቀጡት። ይህ ከከዘራው ይልቅ ልቡን አቈሰለው። ምክር ቤቱ ግን በየካቲት 1874 ነቀፌታውን ሻረ፤ ይህም መሻሩ መጋቢት 10 ቀን በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት እርሱ ተቀምጦ ሲሰማ ተነበበ።

በዚያው ምሽት ልቡ ታመመና በማግስቱ መጋቢት 11 ቀን 1874 በ63 ዓመቱ ዐረፈ። ሊጠይቁት የገቡትን ወዳጆቹን የለመናቸው የእኩልነቱን ሕግ ረቂቅ እንዳይተዉት ነበር፤ በባርነት ተወልዶ የታወቀ ተናጋሪ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስም በዚያ ቀን ከነበሩት አንዱ ነው። ሬሳው በምክር ቤቱ ሕንጻ ታላቅ አዳራሽ ውስጥ በክብር ተቀምጦ ሕዝብ ከተሰናበተው በኋላ በማሳቹሴትስ በካምብሪጅ ተቀበረ። በሚያዝያ ወር ከዐመፁት ሰዎች አንዱ የነበረው የሚሲሲፒው እንደራሴ ላማር በታችኛው ምክር ቤት ቆሞ ሳምነርን አመሰገነ፤ ሰሜንና ደቡብም እንዲታረቁ ለመነ።

ረቂቁ ሕግ የትምህርት ቤቱ፥ የቤተ ክርስቲያኑና የመቃብሩ ክፍል ተቈርጦ መጋቢት 1 ቀን 1875 በሳምነር ተቃዋሚ በፕሬዚዳንት ግራንት ፊርማ ጸደቀ። በ1883 ግን የላይኛው ፍርድ ቤት ዋናውን ክፍል ሻረው፤ እርሱ የተመኘው ነገር በሕግ ለመጽናት እስከ 1964 ድረስ ጠበቀ። የትምህርት ቤት መለያየትም በመላው አሜሪካ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ የተፈረደው በ1954 ነው፤ ስለ ሣራ ሮበርትስ ከተከራከረ ከ105 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ሳምነር ጕድለት ነበረበት። አንደበቱ ይቈርጥ ነበር፤ ራሱን ከሌላው ከፍ አድርጎ ይመለከት ነበር፤ ጥቂት በመተው ብዙ ለማግኘት በሚቻልበት ስፍራም ምንም አልተውም ይል ነበር። የምክር ቤት አባል የሆነ ሰው ይህን ጕድለቱን ሊከተለው አይገባም። ነገር ግን በ4 ድምፅ በተሸነፈበት ቀንና በ48 ድምፅ ባሸነፈበት ቀን የተናገረው ነገር አንድ ነበር። ብዙ መካሮች አሳባቸውን የሚለኩት በዕለቱ በሚያገኙት የድምፅ ብዛት ነው፤ እርሱ ግን ገና ያልተወለዱት ሰዎች ምን እንደሚፈርዱ አስቦ ተናገረ። ባዶ ወንበሩ ሦስት ዓመት የቆየለት ስለዚህ ነው፤ ሕጉም ከሞተ በኋላ ለዘጠና ዓመት ፈላጊ ያላጣው ስለዚሁ ነው።